የስትሮክ ሕክምና ወደ ቤት ሲመለሱ አያልቅም

በሰፈራችን አንድ ሰው በስትሮክ ተመታ ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ተረፈ ወይ?» ነው። «ተርፏል፤ ግን ግማሽ ጎኑ አይሠራም፣ ንግግሩም ተይዟል» ይባላል። «ዋናው ነፍሱ መትረፉ ነው፤ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል» ተብሎ ወሬው እዚያ ላይ ይዘጋል። ከሆስፒታል ሲወጣ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ አጥሚቱ ይሠራል፣ ብርቱካኑና ሙዙ ይደረደራል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ግን ባለቤት የላቸውም። ሰውዬው በእግሩ ቆሞ ይሄድ ወይስ አልጋ ላይ ይቅር የሚለው በአብዛኛው የሚለየው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ሐኪሙ የበኩሉን አድርጎ ሸኝቷል፤ ቤተሰቡ ደግሞ ምን መሥራት እንዳለበት የነገረው የለም። በዘመድም በጎረቤትም ቤት ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነውና ዝም ብሎ ማለፍ ከበደኝ።

ስትሮክ የሚመጣው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር ሲዘጋ ወይም ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። በእኛ አገር ደም በመፍሰስ የሚመጣው ድርሻ በበለጸጉት አገሮች ካለው ከፍ ይላል፤ ከጀርባውም አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ ወይም ሳይታከም የኖረ የደም ግፊት አለ። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ የጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም መድኃኒት የማይወስዱ ነበሩ። ሥሩ ተዘግቶ በቆየ ቁጥር በእያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ገደማ የአንጎል ሴል እንደሚሞት ተሰልቷል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒትም የሚሰጠው በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ፣ ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ የሰው አፍ ጠመም፣ እጁ ዛል፣ ንግግሩ ኮልተፍ ሲል «ምች ነው፣ ትንሽ ይተኛበት» ማለት አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሮጥ ነው። ስለ መጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይህን ካልኩ ይበቃኛል፤ የእኔ ነገር ከዚያ በኋላ ስላለው ነው።

የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም። በዙሪያው ያለው ጤነኛ ክፍል ግን የሞተውን ሥራ ሊማር ይችላል። ዋናው መንገድ የተዘጋበት ሰው በመስኩ ላይ ሲመላለስ ሲመላለስ አዲስ የእግር መንገድ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ አንጎልም መልእክቱን በሌላ በኩል ማሳለፍ ይለምዳል። የሚለምደው ግን በመሥራት፣ ያውም ደጋግሞ በመሥራት ነው፤ በመተኛት አይለምድም። ይህ ትምህርት ከሁሉ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። እስከ ስድስተኛው ወር በርከት ያለ ለውጥ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ ይላል እንጂ አይቆምም። «ስድስት ወር ካለፈው ወዲያ አይሻለውም» ተብሎ ልምምዱን ያቋረጠ ቤተሰብ አውቃለሁ። ይህ አነጋገር የብዙ ሰው እጅና እግር አስቀርቷል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ነገር ለሳይንሱ ዓለም ካሳዩት ሰዎች አንዱ ፔድሮ ባክ ይ ሪታ የተባለ ገጣሚና ምሁር ነው። በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ያስተምር ነበር። በ1959 እ.ኤ.አ. ስትሮክ መታውና ግማሽ አካሉ ዛለ፣ ንግግሩም ጠፋ። በጊዜው ለእንዲህ ያለ ሰው ከጥቂት ሳምንት ማገገሚያ በላይ የሚደረግለት ነገር አልነበረም፤ የቀረው አማራጭ በተንከባካቢ እጅ ተኝቶ መኖር ነበር። ሜክሲኮ ውስጥ ሕክምና ይማር የነበረው ልጁ ጆርጅ ግን አባቱን ወደ ቤቱ ወሰደ። ስለ ማገገሚያ የተማረው ነገር ስላልነበረ ሕፃን መሄድ ከሚማርበት ከዳዴ ጀመረ። አባቱን ወለል ላይ አውርዶ፣ የደከመውን ትከሻውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ለወራት አስዳኸው። መሬት ላይ የተበተነ ሳንቲም በደካማው እጁ እንዲለቅም አደረገው፤ ድስት እያሳጠበ እጁን አዟዟረው። ጎረቤቶቹ ተቆጡ። አንድን የተከበረ ፕሮፌሰር በደጅ እንደ እንስሳ ማስዳኽ ነውር ነው አሉ። ልጁ አልሰማቸውም። ፔድሮ ተነሥቶ ሄደ፣ ተናገረ፣ ወደ ማስተማሩም ተመለሰ፤ በኋላ የሞተው ተራራ ሲወጣ ነው። አስከሬኑ ሲመረመር ስትሮኩ ያደረሰው ጉዳት ያኔም እንዳለ፣ እጅግም ሰፊ ሆኖ ተገኘ። አንጎሉ ሳይጠገን ሰውዬው ድኖ ነበር ማለት ነው። ሌላው ልጁ ፖል ይህንን ካየ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አንጎል ራሱን እንዴት እንደሚያደራጅ ሲመረምር ኖረ።

እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከምርመራው ውጤት ይበልጥ ልቤን የያዙት ጎረቤቶቹ ናቸው። እነዚያ ጎረቤቶች በእኛም ቤት አሉና።

ልጠይቃቸው የሄድኩ አንዲት እናት ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ አርፎ በነጠላ ተሸፍኗል። ገበታ ሲቀርብ ልጃቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታጎርሳቸው ጀመር። ጉርሻው ዘግየት ሲል ደኅናውን ግራ እጃቸውን ወደ ትሪው ዘረጉ። ልጅየዋ እጁን በፍቅር ይዛ መለሰችና «እማዬ፣ አንቺ አትድከሚ፤ እኔ አለሁ አይደል?» አለቻቸው። በግራ እጅ መብላትም በእንግዳ ፊት ነውር ሆኖ ታይቷት ይሆናል። ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ልጅቱን መረቃት፤ ምርቃቱም የሚገባት ናት፤ እናቷን ለማስታመም ሥራዋን ትታለች። ነገር ግን ነጠላው ሥር የተቀመጠው ቀኝ እጅ ሙሉ በሙሉ የሞተ አልነበረም። ጣቶቹ ቀስ እያሉ እጥፍ ዘርጋ ሲሉ ጨርቁ ከላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ያ እጅ ዳቦ እንዲይዝ፣ ኩባያ እንዲደግፍ፣ ቢያንስ ገበታው ላይ ወጥቶ እንዲታይ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት ያገኘው ነገር በዚህ ቤት ያየሁትን ያስረዳል። የታመመ እጅ መጀመሪያ ላይ ሲሞከር ስለሚያቅት ሕመምተኛው በደኅናው እጁ ብቻ መኖር ይለምዳል። ቆይቶ አንጎሉ ሲያገግም እጁ መሥራት የሚችልበት ጊዜ ይመጣል፤ ሰውዬው ግን መሞከሩን ከተወ ቆይቷል። እጁ ከጉዳቱ በላይ በመተው ይቀራል። ታውብ ከዚህ ተነሥቶ ደኅናውን እጅ ጓንት አልብሶ የታመመውን እንዲሠራ የሚያስገድድ ሕክምና አወጣ። በ2006 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣ ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተሳትፈዋል። ለሁለት ሳምንት በዚህ መንገድ የሠለጠኑት እጃቸው የተሻሻለ ሲሆን መሻሻሉም ከዓመት በኋላ አልጠፋም። ይህ ሕክምና ለሁሉ አይሆንም፤ አንጓና ጣቱ ጥቂትም ቢሆን ለሚንቀሳቀስ፣ ያውም በባለሙያ ክትትል ነው። ከኋላው ያለው ሐሳብ ግን ለየትኛውም ቤት ይጠቅማል።

የሚያስፈልገው የልምምድ ብዛትም ቀላል አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የማገገሚያ ክፍሎች ውስጥ ተቀምጠው የቆጠሩ ተመራማሪዎች በአንድ ቀጠሮ ውስጥ የታመመው እጅ ዓላማ ያለው እንቅስቃሴ የሚሠራው በአማካይ 32 ጊዜ ብቻ መሆኑን አይተዋል። በእንስሳት ላይ አንጎልን የለወጠው ልምምድ ግን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ነበር። እዚያ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ዘንድ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ተሰልፎ የሚገኝ ቀጠሮ ብቻውን ሰው አያነሣም። የቀረው ቤት ውስጥ መሠራት አለበት። የእኛ ቤት ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሥራ ሞልቶታል። ምስር መልቀም ለጣት ከሚሰጡት ልምምዶች ሁሉ የተሻለ ነው ያለኝ ፊዚዮቴራፒስት አለ። ባቄላ መፈልፈል፣ ሲኒ ከረከቦቱ አንሥቶ መልሶ ማስቀመጥ፣ ነጠላ ማጣጠፍ፣ መቁጠሪያ ወይም ሙስበሃ መቁጠር፣ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ አሉ። እናቲቱ ምስሩን ሲለቅሙ ግማሹ ይፈስሳል፤ ይፍሰስ። አንድ ሳህን ምስር ለመልቀም ግማሽ ቀን ቢፈጅባቸው ያ ግማሽ ቀን ሕክምና ነው።

ልምምድ ሲባል ግን በጭፍን ማስጨነቅ እንዳይመስል። በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታወቀ፣ 2,104 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት እንዳሳየው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ሕመምተኛውን አብዝቶ ማስነሣትና ማንቀሳቀስ ውጤቱን አባሰው እንጂ አላሻሻለውም። መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስናል። ሌላው በየታክሲው በር የማየው ነገር ነው፤ ሕመምተኛን በታመመው እጁ ጎትቶ ማስነሣት። የዛለ ትከሻ ጡንቻው ስለሚላላ መገጣጠሚያው በቀላሉ ይላቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም ሰውየውን ከልምምዱ ያስቀረዋል። ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጎ መቀነት አስታጥቆ በመቀነቱ መያዝ ይሻላል፤ ባለሙያዎቹም ለዚሁ የተሠራ ቀበቶ አላቸው።

አጥሚቱንም ልጥቀስ፤ በጣም የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ከስትሮክ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ያህሉ ሕመምተኛ የመዋጥ ችግር አለበት። ጀርባው ላይ ለተኛ ሰው በማንኪያ የሚንቆረቆር አጥሚት ወደ ሳንባ ይገባና የሳንባ ምች ያስከትላል። ከስትሮኩ ተርፈው በዚህ የሚሞቱ ብዙ ናቸው። ሕመምተኛው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ በጥቂት በጥቂቱ መጉረስ አለበት። ሲውጥ ካሳለው ወይም ድምፁ ውኃ የያዘ ከመሰለ ማቆምና ሐኪም መጠየቅ ነው። ይህችን ሁለት ደቂቃ የማትፈጅ ምክር ከሆስፒታል ሲወጡ የሰሙ ቤተሰቦች ብዙ አላጋጠሙኝም።

ንግግር የተያዘበትን ሰው የምንይዝበት መንገድ ደግሞ ሌላ ሐዘን ነው። ቃል ማውጣት ያቃተው ሰው አእምሮውን የሳተ ይመስለናል። ጠያቂው ፊቱ ተቀምጦ «እንዲያ ያለ ሰው እንዲህ ሆኖ ይቅር?» ይላል። ሕመምተኛው ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ አብዛኛውን ይረዳል፤ መልስ ብቻ ያጣል። «ውኃ» ማለት የተሳናቸው አንድ አዛውንት ቤተሰቡ አቡነ ዘበሰማያት ሲጀምር ከዳር እስከ ዳር አብረው ሲሉት ሰምቻለሁ። ልጆቻቸው ተአምር ነው አሉ። በልጅነት በአፍ የተለመደ ጸሎት፣ ቁጥር፣ ዜማ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቀራል፤ የንግግር ባለሙያዎችም ይህንን እንደ መግቢያ በር ይጠቀሙበታል። ለእንዲህ ያለ ሰው ጋሼ ብሎ በአክብሮት ፊት ለፊቱ መቀመጥ፣ አጭር አጭር ጥያቄ መጠየቅ፣ መልሱን እስኪያወጣ መታገሥ ይገባል። ቃሉን ከአፉ ነጥቀን በጨረስንለት ቁጥር ልምምዱን ወሰድንበት።

ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰው አንዱ ያህል በድባቴ ይያዛል። ልምምዱን እምቢ ሲል «ሰነፈ»፣ ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ ያለቅሳል ወይ?» እንለዋለን። ይህ የሕመሙ ክፍል ነው፤ ሕክምናም አለው። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ከግፊቱ ጋር አብሮ መነገር አለበት።

ቤተሰቡን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። በሕንድ 1,250 ሕመምተኞችን ያካተተና በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ጥናት ቤተሰብን አሠልጥኖ ማገገሚያውን ለእርሱ ማስረከብ ከተለመደው አያያዝ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። ይህንን ሳነብ አዘንኩ፤ ምክንያቱም ለእኛም ርካሹ መፍትሔ ይኸው ይመስለኝ ነበር። እንደ እኔ ንባብ ግን ቤተሰብ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ባለሙያው ዞር ብሎ የማያየው ቤተሰብ ሸክሙን ብቻውን ሊወጣው አይችልም ማለት ነው። የቤቱ ድርሻ እንዲያፈራ ከጀርባው የሚከታተል፣ የሚያርም፣ ልምምዱን ከፍ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው የት አለ? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ለዓመታት ሲያስመርቅ ቆይቷል፤ ሌሎችም ያሠለጥናሉ። ሆኖም ባለሙያዎቹ ያሉት በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ነው፤ እዚያም ቁጥራቸው ከሕመምተኛው ጋር አይመጣጠንም። ከወረዳ የመጣ ሰው ለግማሽ ሰዓት ልምምድ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ አይቀመጥም። እዚሁ ከተማ ውስጥም ቢሆን አባታቸውን በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው ለአራት ተሸክመው ደረጃ የሚወጡ ልጆች አይቻለሁ፤ የፊዚዮቴራፒው ክፍል ፎቅ ላይ ነበር፣ ሊፍቱም አይሠራም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ካዘዘ ዓመታት አልፈዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ለታመመ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። ስትሮክ የመታው የቤተሰብ ኃላፊ አንጎሉ ከሁሉ ይልቅ በሚማርበት በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ደመወዙ ይጎድላል፤ በአራተኛው ይቋረጣል። የታክሲውና የልምምዱ ወጪ የሚጨምረው በዚሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ቀጠሮውን የሚተወው ሰልችቶት አይደለም፤ ገንዘቡ ስላለቀ ነው። ሕግ አውጪዎቻችን አዋጁን ዳግም ባዩት ጊዜ ይህንን እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

የሕጉ መሻሻል ሳይጠበቅ ሊደረግ የሚችል ነገርም አለ። ሆስፒታሎቻችን ሕመምተኛውን ሲሸኙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በየቋንቋው የተጻፈ አንድ ወረቀት ቢሰጡ፣ ነርሷም አሥር ደቂቃ ወስዳ ልጁን እዚያው አልጋው አጠገብ እያስነሣች፣ እያስቀመጠች፣ እያጎረሰች ብታሳየው ብዙ ትከሻና ብዙ ሳንባ ይተርፋል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ለእናቶችና ለሕፃናት ቤት ለቤት እየዞሩ የሠሩትን አገር ያውቃል። ስትሮክ የመታው ሰው ያለበት ቤት በዝርዝራቸው ቢገባ፣ ሲሄዱም ግፊቱን ለክተው «ዛሬ ስንት ጊዜ ተነሥተው ተቀመጡ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ያ ቤት ብቻውን አይሆንም።

ግፊቱ ካልተያዘ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ይሆናል። ከአራት ስትሮክ አንዱ ያህል ከዚህ በፊት በተመታ ሰው ላይ የሚደገም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል። 6,105 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከስትሮክ በኋላ የግፊት መድኃኒት በአግባቡ መውሰድ መደገሙን በ28 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። መድኃኒቱ ግን «አሁንስ ተሻለኝ» ተብሎ ይቋረጣል፤ ወይም ፀበል ሲገባ ይተዋል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በተስፋፋበት ጊዜ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመኑ ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ቃል የብዙ ሰው ሕይወት ያቆየ ይመስለኛል። ዛሬም ካህናቱና ኢማሞቹ ስለ ግፊት መድኃኒት እንዲሁ ቢናገሩ ከማንኛውም የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በላይ ይሰማሉ።

በዚያው በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ እድሮች ሥራቸውን ከቀብር አሳልፈው የታመመ ማስታመምና ወላጅ ያጣ ማሳደግ ጀምረው ነበር። የእኛ ሰፈር እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት አለው፤ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብም በየዓመቱ ከፍ ይላል። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ከመዋጮው ጥቂቱ ለሕያዋን እንዲውል እጠይቃለሁ። መጀመሪያ አንድ ዊልቸር፣ ሁለት ዎከርና አንድ የግፊት መለኪያ ይገዛ፤ ንብረቱ እንደ ድንኳኑ እየተመዘገበ ለሚያስፈልገው አባል ይዋስ፣ ሲጨርስም ይመልስ። ገንዘብ ከተረፈ ደግሞ አንድ ፊዚዮቴራፒስት በወር ሁለት ቅዳሜ የትራንስፖርቱና የድካሙ ተከፍሎት ሰፈሩን ይዙር። ሊጎበኛቸው የሚገቡትን ቤቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን።